«ግቡ እንግዲህ» የምትለው ሴትዮ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ። ስልካችሁም ትንሽ ይረፍ። የምነግራችሁ የጌም ነገር ስለሆነ አትሰለቹም።

የእህቴን ልጅ ታውቁታላችሁ፤ ጢሙ ሸብቶም ማሙሽ ነው የምንለው። ወጣት ሳለ አንድ ጌም ሠርቶ ነበር። ጌሙ ውስጥ ልጆች በየጓሮው እየተሯሯጡ የጠፋች ድመት ይፈልጋሉ። ሲመሽ አንዲት ሴትዮ በር ላይ ቆማ «ግቡ እንግዲህ፣ መሽቷል» ብላ ትጣራለች፤ የዕለቱ ጨዋታ በዚያ ያበቃል። ድምፁ የእህቴ ነው። ተዋናይ የሚቀጥርበት አቅም ስላልነበረው፣ ማድቤት ሥራ ላይ እንዳለች ቀዳት። የድስት ክዳን በእጇ ይዛ ስለነበር፣ እሱም ኳ ሲል አብሮ ገባ።

በቅርቡ ታዲያ አንድ ድርጅት ጌሙን አሳምረን እንደገና እናውጣው አለው። ሥዕሉ ጠራ፣ ዛፉ ቅጠል አወጣ፣ ድመቷ እንኳ ፀጉር አበቀለች። ከመውጣቱ በፊት ለተቺዎች ተላከላቸው። አንዱ፣ «ሁሉ አምሮ የሴትዮዋ ድምፅ ይሻክራል፤ ክዳን ሲንኳኳም ይሰማል» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። ሌሎቹም ተቀባበሉት። ማሙሽ ፈራ። ድምፀ መልካም ተዋናይ ፈልጎ በእናቱ ቦታ አስገባ። ለእናቱ ግን ዛሬ ነገ ሲል ሳይነግራት ቀረ።

የወጣ ቀን ሳሎን ተሰበሰብን። እህቴ መነጽሯን ጠራርጋ ከፊት ተቀመጠች። ጎረቤቷንም ጎሸም አድርጋ፣ «ቆይ፣ አሁን እኔ እመጣለሁ» አለቻት። ጌሙ ውስጥ መሸ። በሩ ተከፈተ። ሌላ ሴት ተጣራች።

እህቴ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ድምጿ ያምራል፤ ጎበዝ ናት» ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ እነዚያው ተቺዎች፣ «ጌሙስ ጠርቷል፤ ግን ሴትዮዋ ስትጣራ ግቡ ግቡ አያሰኝም» ብለው ጻፉ። ማሙሽ ተሯሩጦ የድሮውን ድምፅ ከነክዳኑ መለሰው። ያን ጊዜ አወደሱት። ደስ ብሎት ሊነግራት ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እማ፣ መልሼሻለሁ። ነይ ስሚው።»

«ያችን ልጅ ምን አደረጋችኋት?»

«የቷን?»

«የምትጣራዋን። በኔ የተነሳ አስወጣችኋት?»

«ሥራዋን ጨርሳለች እኮ እማ፣ ምንም አትልም።»

«ደግ አላደረጋችሁም። ሰው ወደው አምጥተው እንዲህ አያደርጉም።» ቀና ሳትል ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። «እኔ እንደሁ ሰምቼዋለሁ ማሙሽዬ። እናንተ ተጫወቱ።»

እስከ ዛሬ ድምፅዋ የተመለሰበትን ጌም አላየችውም። እሱም ሲመጣ የጌሙን ነገር አያነሳም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጥላታል።

እናንተ ግን ልጆቼ፣ ስትጫወቱ መሽቶ፣ ክዳን ኳ ብሎ አንዲት ሴት «ግቡ እንግዲህ» ስትል ከሰማችሁ፣ ቶሎ አታጥፉት። እህቴ ናት፤ አስታውሱልኝ።