የቀኑ ተረኛ

ነርሷ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ቤት ብትገባም እንቅልፍ እምቢ ብሏት ስትገላበጥ ቆየች። ያሸለባት ረፋዱ ላይ ነው። ወዲያው የስድስት ዓመት ልጇ ትከሻዋን ነካች።

"እማዬ፣ ራሴን አመመኝ።"

ነርሷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በሥራ ቦታ ድምፅዋ፣ "እኔ ተራዬን አስረክቤያለሁ፤ ለቀኑ ተረኛ ንገሪ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ስትነቃ ልጇ ቤት ውስጥ የለችም። በባዶ እግሯ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ልጅቷ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎላት ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

"አይዞሽ፣ ትኩሳቱ በረድ ብሏል" አለች ጎረቤቷ ሳቋን እያፈነች። "በሩን አንኳኩታ 'የቀኑ ተረኛ አንቺ ነሽ?' አትለኝም! ምን ላድርግ፣ አዎ አልኳት። እንግዲህ ደሞዝሽን እንካፈላለን!"

ነርሷ መሳቅ አቃታት። 'ለቀኑ ተረኛ ንገሩ' የሚለውን ቃል በየማለዳው ለአስታማሚዎች የምትናገረው ራሷ ናት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ጎረቤቷን ቀና ብላ ማየት ተስኗት፣ ተንበርክካ የልጇን ጉንጭ ዳሰሰች።

ልጅቷ ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች።

"እማዬ፣ የቀሰቀስኩሽ እኔ አይደለሁም፣ አይደል?"