ሁለተኛዋ መራጭ

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የውጭውን በር የሚመታ የበትር ድምፅ ነው።

ሳቬታ የያዘችው የፕለም አረቄ መለኪያ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። በመንደራቸው አስከሬን እስኪወጣ የለቅሶ ቤት በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የሚያንኳኳ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ሲገባ ሲወጣ ነው የሰነበተው። ያንኳኳ ቢኖር፣ መግባት መቻሉን የተጠራጠረ ሰው ብቻ ነው።

“ዘሃሪያ ነው!” አለች አክስቷ ፍሮሲና በመስኮት አጮልቃ። “ዓይኑን በጨው የታጠበ! ወንድሜን አሳስሮ፣ ፈረሶቹን ለኅብረት እርሻው ነድቶ ሲያበቃ ሊያለቅስለት መጣ?”

“ይግባ፣ አክስቴ።”

“ይግባ ትላለች! አባትሽ ቢነሳ በዚያው በትሩ ነበር የሚቀበለው።”

ሳቬታ ወደ ማድቤት ሸሸች። መሪጌታ ኢሪሚዬ ስኳር የተነሰነሰበትን ንፍሮ እየቃሙ ደብተራቸውን ያገላብጣሉ። ሬሳ ሊወጣ ሲል መሪጌታው በሟች አንደበት ይዘምራሉ፤ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ ጠላቱን ሳይቀር በየስማቸው እየጠሩ ይቅርታ ይለምኑለታል። አባቷ ፓምፊል ግን ከመሞቱ በፊት ስንብቱን ራሱ አስጽፎ ነበር።

“ዘሃሪያ የለበትም” አሉ መሪጌታው። “‘እሱን ብትጠራ ከሬሳ ሳጥኔ እነሳብሃለሁ’ ብሎኛል። ያንቺ ግን እንዴት ያምራል! ስሚማ፦ ‘ልጄ ሳቬታ፣ ሁሉ ሲከዳኝ ያልከዳሽኝ፣ ሁለተኛዋ መራጬ፣ ይቅር በይኝ።’”

ሳቬታ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ አጠበች።

ኮሚኒስቱ አምባገነን በወደቀ በወሩ ነበር አባቷ፣ ስምንት ዓመት አብረውት ከታሰሩ ሽማግሌዎች ጋር፣ የድሮውን የገበሬዎች ፓርቲ በዚሁ ሳሎን፣ ራሱ ሊቀመንበር ሆኖ፣ ያስነሳው። መሬት ለባለቤቱ፣ ልጅ ለወላጁ፣ እሑድ ለእግዜር ይሉ ነበር። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ አልጋው ላይ ሳይቀር ይቀመጣሉ። በስድስተኛው ዓመት በምርጫ አገር ምድሩን አሸነፉ። ያን ጊዜ ነው ፓምፊል የኅብረት እርሻውን የቀድሞ ሊቀመንበር፣ ዘሃሪያን፣ በገዛ ፊርማው አባል ያደረገው። “አስተዳደር የሚያውቅ ያስፈልገናል። ደግሞስ ክርስቲያን ይቅር አይልም?” አለ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ አንድም አልተመለሰ። ከዚያ ዋና ከተማው ቡካሬስት ያሉት የፓርቲው አለቆች በወንበር ተናከሱ፣ ኑሮ ተወደደ፣ ንፋስ ያመጣውን ንፋስ ወሰደው። “አንተ ነህ ያፈረስከው!” እያለ አባቷ እስኪሞት ድረስ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዘሃሪያ ላይ ሲጮህ፣ ሰውየው መሬት መሬቱን ያይ ነበር እንጂ ትንፍሽ አላለም።

ፓርቲው በተወዳደረበት የመጨረሻ ምርጫ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የውጤት ወረቀት በፓርቲያቸው አንጻር “2” ይላል። አባቷ በሰባ ስምንት ዓመቱ እየሮጠ ነበር ቤት የገባው።

“እኔና አንቺ! ሁለት ሰው ካለ ፓርቲ አለ!”

እሷ የመረጠችው ድልድዩን እንጠግናለን ያሉትን ነበር። እውነቱን መንገር ትታ ሳቀችለት፤ እሱም ‘ሁለተኛዋ መራጬ ልጄ ናት’ እያለ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ያቺ ሳቅ ይኸው ሰባት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራለች። ሌላኛው ማን ይሆን? አባቷን ቀና ብላ ባየችው ቁጥር ይሄው ነበር ጥያቄዋ።

መቀመጥ ስላቃታት ወደ ሳሎን ተመለሰች። መስተዋቱ በለቅሶ ወግ ተሸፍኗል። ለዘሃሪያ ወንበር የለቀቀለት የለም፤ ሳጥኑ ራስጌ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። የኮቱን ኮሌታ ገለጥ ሲያደርገው ከውስጥ የፓርቲው ዓርማ፣ ትንሿ የስንዴ ዛላ፣ ብልጭ አለች።

“ሊቀመንበር” አለ ወደ ሟቹ ጎንበስ ብሎ፣ “እንግዲህ ብቻዬን ቀረሁ።”

“ጭራሽ ይቀልዳል!” አለች ፍሮሲና።

ሳቬታ ግን ሁለቱን ድምፅ ቆጠረች። አንዱ አባቷ፣ አንዱ እሱ። ለካስ ሰውየው ያን ወረቀት ካነበበ ጀምሮ የእሷን ውሸት ያውቅ ነበር! በዚያ ሁሉ ስድብ መሃል አንዲት ቃል ብትወጣው ነፃ ይወጣ ነበር።

ጠጋ አለችው። “ለምን አልነገሩትም?”

“ምኑን፣ ልጄ?” ዓይኑን ከሳጥኑ አልነቀለም። “ሁለት ነበሩ። እሱና ልጁ። አባትሽ ቆጥሮ ጨርሷል።”

ደወሉ ተደወለ። ሳቬታ ማድቤት ገብታ የመሪጌታውን ደብተር በእጇ ከደነችው።

“የእኔን መስመር ለእሱ ይስጡት።”

“የሟች ቃል እኮ ነው፣ አንቺ!”

“ኃጢአቱ በእኔ። ባይሆን እኔው ተነስቼ እናገራለሁ።”

ዜማው ተጀመረ። ፍሮሲና ተጠራች፤ ጎረቤቶች ተጠሩ። “ልጄ ሳቬታ፣ ይቅር በይኝ” አሉ መሪጌታው፤ ሌላ አልጨመሩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ዘሃሪያ፣ ሁሉ ሲከዳኝ ያልከዳኸኝ፣ ሁለተኛው መራጬ፣ ይቅር በለኝ።”

የፍሮሲና መሃረብ አፏ ላይ እንደተያዘ ቀረ። ዓይን ሁሉ ወደ ሳቬታ ዞረ። አንገቷን አልደፋችም።

ዘሃሪያ የአባትሽን ቆጠራ ለምን አፈረስሽ እንደሚል ሁሉ አንድ ጊዜ አያት። ወደ በሩ ሄደ፤ ደፉ ላይ ባርኔጣውን አጠለቀ፤ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። በመስኮቱ ተከተለችው። ግቢውን እያነከሰ፣ አጥሩን በእጁ እየተደገፈ ያቋርጣል። በትሩን ብብቱ ስር ይዞታል፤ ድምፅ እንዳያሰማ።