በጊዜ ቀጠሮ የቆየው እጅ

የመምህር አስናቀ ቀኝ እጅ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ታሰረ። የቀረው አስናቀ በዋስ ተለቀቀና ከሚስቱ ከስንዱ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ።

ዳኛዋ ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት ሰምታ ነበር። ፖሊስ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች እንደተሰረቁ፣ በበሩ ቁልፍ ላይ የተገኘው አሻራም የአስናቀ እንደሆነ፣ ሰውየው ከተለቀቀ ማስረጃ ሊያጠፋ እንደሚችል አስረዳ። አስናቀ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ እንዳስተማረ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስም እንደ ንፁህ ሰው የመቆጠር መብት እንዳለው ተናገረ። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። «አሻራው የእጁ ነው፤ እጁ ይቆይ። ሰውየው ይሂድ።»

የችሎቱ ጸሐፊ እጁን ከአንጓው ላይ ፈታው። ደም አልወጣም። ጠበብ ያለ ቀለበት እንደማውለቅ ነበር፤ ትንሽ ማሸት ብቻ ፈለገ። ፖሊስ የጠየቀው አሥራ አራት የምርመራ ቀን ተፈቀደለት። ስንዱ ባሏን ይዛ ስትወጣ በየት በኩል እንደምትሄድ አላወቀችም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ የምትይዘው ያንን እጅ ነበር።

ማታ ራት ላይ አስናቀ በግራው እየተቸገረ ጎረሰ።

«የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሁልጊዜ ይረሳል» አላት። «ሁልጊዜ ማታ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ እጅህም ይህንኑ ይነግራቸዋላ።»

«እሱን ነው የፈራሁት። እጄን አውቀዋለሁ፣ ስንዱ። የሰጡትን ሁሉ ይፈርማል። የመዋጮ ቅጽ፣ ያልተገኘሁበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ምን ያልፈረመው አለ? ሳያነብ ሲፈርም የኖረ እጅ ነው። የእምነት ቃል አቅርበውለት ከፈረመ አለቀልን። እሱ አይወጣም፤ እኔም ተከትዬው እገባለሁ።»

በማግሥቱ ስንዱ ወደ ጣቢያው ሄደች። እጅ አይበላም፤ የታሰረ ሰው ያለው ቤተሰብ ግን ባዶውን አይሄድም። አንድ ቫዝሊንና አምስት ፍሬ ጠመኔ ያዘች። በሩ ላይ ጢሙ የሸበተ ኮንስታብል ብዙነህ የሚባል ፖሊስ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ጠመኔ።»

«ቅመሺው።»

«ጠመኔ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እህቴ፣ የሚገባ ነገር ሁሉ ይቀመሳል። ሕግ ነው። ባለፈው አንዷ ሳሙና ቀምሳ ገብታለች፤ ትንፍሽ አላለችም።»

ስንዱ የጠመኔውን ጫፍ ነክሳ ዋጠችው።

«ቫዝሊኑንስ?»

«እሱን እንኳ አምንሻለሁ።»

እጁን ወደ ሽቦ አጥሩ አመጡላት። በርዶታል። በሽቦው መካከል ይዛ አንጓውን፣ መዳፉን፣ በጠመኔ የሻከሩትን ሁለት ጣቶች ቫዝሊን ቀባችው። እጁ ጣቶቿን ሁለት ጊዜ ጠበቅ ጠበቅ አደረጋቸው። አስናቀ መንገድ ሲያሻግራት እንዲህ ያደርግ ነበር።

«እንዳትፈርም» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምንም ቢሰጡህ።»

እጆች ጆሮ እንደሌላቸው ታውቃለች። ስለዚህ በጣቷ መዳፉ ላይ ጻፈችለት።

መርማሪው ኢንስፔክተር ገዛኸኝ ከቢሮው ሆኖ ያያት ነበር። ስትወጣ ጠራት።

«አልመታሁትም» አላት። «እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው የሰጠሁት።»

«ካልሰረቀ ምን ብሎ ይፈርማል?»

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ወላጆች በየቀኑ እዚህ ይመጣሉ። ልጆቻቸው ሰሌዳ ላይ በተሳለ ኪቦርድ ነው የሚማሩት። ሌባው ውጭ ነው ልበላቸው?»

«ውጭ ከሆነስ?»

«ውጭ ከሆነ እኔ ምንድን ነው የያዝኩት?»

ይህን ሲል በጣም ደክሞት ነበር። ስንዱ አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት።

አሥራ አራቱ ቀን ሲያልቅ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም አለ። ሌላ አሥራ አራት ተፈቀደለት። ከዚያም ሌላ። ስንዱ በየቀኑ ጠመኔ ቀምሳ ገባች፤ ምላሷ ሲነጣ ጎረቤቶቿ ሐኪም ቤት ሂጂ አሏት። አስናቀ ከሥራ ታግዶ ቤት ዋለ። አንዳንዴ ባዶውን አንጓ ወደ እሷ ይዘረጋል፤ እሷም ጫፉን ትይዛለች። «ዛሬ እንዴት ነው?» ይላታል። «ደህና ነው» ትለዋለች። «ጥፍሩን ቆረጥኩለት።»

በአራተኛው ቀጠሮ፣ ሰኞ ዕለት፣ ዐቃቤ ሕጉ ተጠርጣሪው እጅ መፈረሙን ለችሎቱ አሳወቀ።

ስንዱ ወንበሩን ያዘች። ዳኛዋ ፖስታውን ከፍታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አሥራ ሰባት የእምነት ቃል ነበር። በሁሉም ግርጌ፣ ፊርማ በሚቀመጥበት ቦታ፣ አንድ አንድ ክብ ተስሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፊርማው ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«የኔ ፊርማ አይደለም» አለ አስናቀ ከመቀመጫው ተነስቶ። «ክብ ነው። ያለ ኮምፓስ፣ በአንድ ጊዜ የተሳለ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ በዚህ ይስቁብኛል።»

ዳኛዋ ከቦርሳዋ ሳንቲም አውጥታ አንዱ ክብ ላይ አስቀመጠች። ሳንቲሙ ልክክ አለ። አሥራ ሰባቱም ላይ ሞከረችው።

«እጁ ራሱ ይጠየቅ» አለች።

እጁን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ዳኛዋ የመናገርም ያለመናገርም መብት እንዳለው መዳፉ ላይ በጣቷ ጽፋ አስታወቀችው። እጁ አመልካች ጣቱን ቀጥ አድርጎ አነሳ፤ ተማሪ ፈቃድ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው።

«ተፈቅዷል» አለች ዳኛዋ፤ መዳፉ ላይም ጻፈችለት።

እጁ ከጠረጴዛው ወርዶ በወለሉ ላይ እስከ ችሎቱ በር ሄደ፤ እጀታው ላይም ወጣ። በሩን ገፍቶ ዘጋው። ቁልፉን አዞረ። ከዚያ እጀታውን ሁለት ጊዜ ጎተተ፣ መቆለፉን ለማየት፤ እንደረካም ወርዶ ተመለሰ።

ኢንስፔክተር ገዛኸኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ሌባ ጎትቶ አያይም» አለ ቀስ ብሎ፤ ተቀመጠም።

መዝገቡ ተዘጋ። ይቅርታ የሚጠይቅ ክፍል በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ውስጥ ስላልነበረ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ኮምፒውተሮቹም አልተገኙም። ስንዱ ለእጁ ፈርማ ተረከበችው፤ ቤት ስትደርስ አስናቀን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ አንጓው ላይ ገጠመችለት። ትንሽ ማሸት ብቻ ፈለገ። አስናቀ እጁን ፊቷ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቆየ። መዳፉ የቫዝሊን ሽታ ነበረው።

ከዚያ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ስንዱ ስትነቃ አስናቀ ተኝቷል፤ እጁ የለም።

የት እንደሚሆን ስላወቀች አልተጣደፈችም። እጁ ጣቢያው በር ላይ፣ ባለጉዳዮች ወረፋ በሚይዙበት ድንጋይ ላይ፣ ጣቶቹን ሰብስቦ ተቀምጧል።

«ቀጠሮ የለህም ብዬዋለሁ» አላት ኮንስታብል ብዙነህ። «አይሰማም።»

«ጆሮ የለውም፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ በየአሥራ አራት ቀኑ ሰኞ ማለዳ ትሄዳለች። አስናቀን አትቀሰቅሰውም፤ ሲነሳ እጁ ቦታው ላይ ነው። ከቤት ስትወጣ ጠመኔ ትይዛለች፤ በሩ ላይ ማንም ሳያዝዛት ጫፉን ነክሳ ትውጥና የቀረውን ለእጁ ትሰጠዋለች። ከዚያ ጣቶቹን ይዛ በዋናው መንገድ ትመለሳለች። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። እጁ በእያንዳንዱ በር ፊት ያስቆማታል፤ ተንጠራርቶ ቁልፉን ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ ይጎትታል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ነጭ የጣት አሻራ ይቀራል። ስንዱ ከኋላው እየተከተለች በነጠላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ትጠርጋለች። መንገዱ መጨረሻ ላይ ደርሳ ዞር ስትል፣ የተጠረጉት ቁልፎች ሁሉ እንደገና ነጭ ናቸው።