የመደብ ሦስት አረም

«ነገ ጠዋት ሠላሳ ሰው እንወጣለን» አለ ካቦው፣ የሻይ ብርጭቆውን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ። «በእረፍት ቀናችን፣ መኮትኮቻችንን ይዘን። ማሳውን አጽድተን እናስረክብሻለን። ተማክረን ጨርሰናል።»

ቤቱን የሞላው ለቀስተኛ ራሱን ነቀነቀ። የቤቱ እመቤት ባል፣ የማሳው ተመራማሪ፣ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከምርምር ጣቢያው ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሁሉ በአኩሪ አተሩ ማሳ ዳር ነው የሚያልፈው፤ ያለፈ ሁሉ ደግሞ መደብ ሦስትን አይቷል። ሌሎቹ መደቦች የተበጠረ ፀጉር ይመስላሉ። መደብ ሦስትን ግን አረም ወርሶታል፤ አኩሪ አተሩ የት እንዳለ ጎንበስ ብለው ካልፈለጉት አይታይም።

«የሰውዬው አፈር ሳይደርቅ ማሳው ዳዋ በላው እየተባለ ነው» አለ ካቦው። «እኛ በቁማችን እያለን።»

«አይነካም» አለች ሚስትየዋ።

«ምን አልሽ እህቴ?»

«መደብ ሦስት አይታረምም አልኩ።»

በር አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለች አንደኛዋ። «ኧረ ድሮም እንዲህ ናት» አለች ሌላዋ። «ባሏስ ቢሆን እምቢዬ አልነበር የሚላት?»

ሰምታለች። 

አማቷ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ልጃቸውን እየጠሩ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ተዘግቷል። «ልጄ የሚታማበትን አረም ቆመሽ ልትጠብቂለት ነው?»

«አዎ እማማ።»

«መንገደኛ ሁሉ እየሳቀ ይለፍ?»

«ይሳቅ።»

 ጥግ ላይ አንድ ወጣት ተመራማሪ ቀዝቃዛ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ከመጣ ጀምሮ አፉን አልከፈተም። ወደ እሱ ዞረች።

«ስንት ቀን ቀረው?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ለአጨዳው አሥራ ሁለት ቀን፣ እትዬ። አረሙም ታጭዶ ይመዘናል። እኔ እንኳ... ለቅሶ ቤት መጥቼ ስለ አረም ማውራት ነውር መስሎኝ ነው።»

«እኔ አወራሁልህ። ሻይህን ጠጣ» አለችው።

ካቦው ግን በሰው ፊት ቃሉን ማጠፍ ከብዶት፣ ብድግ ሲል እንዲህ አለ፦ «ሐዘን ላይ ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ነገ ስናጸዳው አንቺም ትመርቂናለሽ።»

ያኔ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ያንን መደብ ያጸዳችው እሷ ራሷ ናት።

ቀን ሠራተኛ ሆና የገባችበት የመጀመሪያው ወር ነበር። የራሷን መስመር ቀድማ ጨረሰች። ዞር ስትል አንድ መደብ አረም ውጦት አየች። ምስኪን፣ ረስተውታል ብላ ገባችበት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሥሩን እያራገፈች ነቅላ፣ ልሙጥ አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ ምስጋና ጠበቀች። እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ቀጭን ሰው መጣ። መደቡን አየ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ማነው ያረመው?»

«እኔ ነኝ» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

«በጣም ያምራል» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኋላ ነው የገባት። አንዱ መደብ ሁለት ጊዜ ይታረማል፣ አንዱ አምስት ጊዜ፣ አንዱ ጭራሽ አይነካም። ያልተነካው ከሌለ ማረም ራሱ ምን እንደጠቀመ የሚመሰክር የለም። በጥሩ እጇ የዓመት ልፋት አጠፋች። የዚያን ጊዜው አለቃ፣ «ካምናው ቁጥር ወስደህ ሙላበት፣ ማን ያውቃል?» ብሎት ነበር። እሱ ግን ያልመዘንኩትን አልጽፍም ብሎ በመዝገቡ ላይ «መደብ ሦስት የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለሠራተኛዋ አልነገርኳትም» ሲል ጻፈ። ሥራውን በዓመቱ እንደገና ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ በመደብ ሦስት ዳር የሚያልፍ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንዲሄድ ደነገገ። «እጅ ወደ ኋላ!» ይላል ከሩቅ። ሊጎበኙ የመጡ ትልልቅ ሰዎችን እንኳ እንደ እስረኛ አሰልፎ አሳልፏቸዋል። ሠራተኛው ሲያላግጥ መደቡን እስር ቤት ይለው ነበር፤ ምክንያቱን ግን የጠየቀ የለም።

ዋና ሥራው ግን ብርቱካን ነበር። ከአረንጓዴ እስከ ቢጫ ቀለም የተቀባች ካርድ ነበረችው፤ እሷን ልጣጩ ላይ ለጥፎ የቀለሙን ቁጥር ይጽፋል። እያንዳንዷን ፍሬ ሁለት ጊዜ ነው የሚያያት፣ አንዴ ፀሐይ በመታት ጎን፣ አንዴ በጥላው ጎን። እናቱ፣ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲባሉ፣ «ብርቱካን ያያል» ይላሉ፤ ሰው ሲስቅ እሳቸው አይስቁም። ቤታቸው በሄደ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍሬ እያገላበጠ፣ «እማዬ፣ የጥላው ጎን ካልተጻፈ እኮ ዛፉን ዋሸሁበት ማለት ነው» ይላቸው ነበር።

ለእሷም አንድ ቀን ድፍን አረንጓዴ ብርቱካን አምጥቶ ዐይንሽን ጨፍነሽ ብዪ አላት። በላች። ጭማቂው በአገጯ ወረደ፤ እንደ ማር ጣፋጭ ነበር። «ታዲያ በስሏል?» አላት። ዐይኗን ገልጣ ልጣጩን አየችና «እምቢ፣ አልበሰለም» አለች። እምቢዬ የሚለው ስም ያኔ ወጣላት። በዓመቱ ተጋቡ።

ይህንን የአሁኑን የአኩሪ አተር ሥራ ያመጣው የእሷ ወገብ ነው። የማሳው ሴቶች እስከ አጨዳ ድረስ፣ አምስት ጊዜ፣ ለማረም ጎንበስ ብለው ይውላሉ። እሷ ማታ ስትቀመጥ ታቃስታለች። «በጊዜው ሁለቴ ከታረመ ይበቃል፣ አሳያችኋለሁ» አለ። ሦስት ዓመት አሳየ። ዘንድሮ አራተኛውና የመጨረሻው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ አማቷ አዩዋት።

«ለቅሶ ትተሽ የት ልትሄጂ?»

«ማሳ።»

አማቷ ሻሻቸውን አስረው ተከተሏት።

ሠላሳ ሰው መኮትኮቻውን ይዞ ቆሟል። እሷ መደብ ሦስት ፊት ቆመች፤ አረሙ ከኋላዋ እስከ ትከሻዋ ይደርሳል።

«ዞር በይ እህቴ» አለ ካቦው። «በእኛ ፊት እንዲህ ሆኖ ማየት ያማል።»

«ይመም። ያንን መደብ ታያለህ? አምስቴ የታረመ ነው። ይሄኛው ሁለቴ። ልዩነት ካየህ ንገረኝ» አለች። ካቦው ሁለቱን መደቦች እያፈራረቀ አየ። ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ስንቶቻችሁ ናችሁ ማታ ወገባችሁን የምትይዙት? ቀሪው ሦስት ጊዜ ከንቱ ነው ብሎ ሊያስጥላችሁ ነው ይሄን ሁሉ የለፋው። ይሄ አረም ካልተመዘነ ግን ማንም አያምነውም። አረሙን እሱ ረስቶት አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው ነው የኖረው።»

 አማቷ ጠጋ ብለው የመደቡን ቁጥር አዩ፣ አረሙን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ይሄ የጥላው ጎን ነው?» አሉ፣ በተዘጋው ድምፃቸው።

«አዎ እማማ።»

ወደ ካቦው ዞሩ። «በል መኮትኮቻህን ሰብስብ። ልጄ ሁለቱንም ጎን ነው የሚጽፈው።»

 ካቦው መኮትኮቻውን ብብቱ ሥር ወሽቆ እጁን ወደ ኋላ አጣመረና በመደቡ ዳር አለፈ። ከኋላው ሠላሳው ሰው አንድ በአንድ እጁን አጣምሮ ተከተለው። የሳቀ የለም።

ሚስትየዋና አማቷ መጨረሻ ቀሩ። አንድ ረጅም አረም ወደ መንገዱ ተንጋዶ የሚስትየዋን ቀሚስ ያዘው። ሃያ ዓመት ሲነቅል የኖረ እጅ ነው፤ ሳያስፈቅዳት ወርዶ ግንዱን ከሥሩ ጨበጠ። እዚያው ጨብጦ ቀረ። 

አማቷ ጎንበስ አሉ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከአረሙ ላይ አላቀቁ። እጇን ወደ ኋላ ወሰዱት፣ ወገቧ ላይ በእጃቸው ያዙት፣ እስከ መደቡ ጫፍም ሳይለቁት አብረዋት ሄዱ።