እሳቱ የጠፋ ቤት

«የልካ፣ ከሦስት የሙት ልጆቿ ጋር» ብለው አነበቡ ድራጊንያ።

«እሷን ይለፏት፣ እትዬ። ወንዶቹን ብቻ ነው የምፈልገው» አለ መምህር ሚሎዬ።

ድራጊንያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ትክ ብለው አዩት። በእጃቸው የያዙት በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ዕለት ስሞቹ በጸሎት እንዲጠሩ ለቄሱ የሚሰጡትን የስም ደብተር ነው፤ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ የኖረ፣ ጠርዙ የወየበ ደብተር። ሚሎዬ ስለ ዶንያ ክሩሽካ መንደር መጽሐፍ መጻፍ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ነገ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ሊያስገባው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ በጦርነቱ ስለተቃጠለ፣ የመንደሩ መሥራች ከሚባለው ከቩክ የወረደው የቩኮቪች ዘር የድሮ ስሞች ያሉት እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ስለኛ ቤት ምን ጻፍክ?» አሉ ድራጊንያ።

«ሲታተም ያዩት የለ?»

«አምጣው እንጂ፣ አልበላብህም!»

ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «'ቩክ ብቻውን ከተራራው ወርዶ መንደሯን ቆረቆረ። ሦስት ልጆች ወለደ።' ብቻውን? ይገርማል፣ ጎበዝ ሰው ነበር ማለት ነው!»

ሚሎዬ ሳይወድ ሳቀ። የአሮጊቷ ጣት ግን ቁልቁል ወርዶ በሟቹ ባላቸው በሚሊሳቭ ስም ላይ ቆሞ ነበር። ከስሙ ቀጥሎ «እሳቱ የጠፋ ቤት» ይላል። ከጀርባቸው ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣል፤ ከላይ የባቄላው ድስት ይንተከተካል።

«ይሄ የሚንተከተከው ታዲያ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ስድብ እኮ አይደለም። ወንድ ልጅ ያልተተካበት ቤት እንዲህ ነው የሚጻፈው። የየትኛውም መንደር መጽሐፍ እንደዚሁ ነው።»

«ቬስናስ? በሒሳብ አንደኛ ወጣች ብለህ እዚህ ድረስ መጥተህ የነገርከኝ ልጄስ?»

«እሷ በባሏ መንደር መጽሐፍ ትገባለች።»

«ባሏ የኒሽ ከተማ ልጅ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ፎቁ መጽሐፍ አለው እንዴ?»

ሚሎዬ ከቀረበለት የፕለም ማርማላታ አንድ ማንኪያ ወስዶ ውሃ ጠጣበት። አፍሯል። ይሁንና ከሐፍረቱ ይልቅ የባሰበት የማወቅ ጉጉቱ ነበር።

«ይቺ የልካ ግን ማን ነበረች?»

«አማቴ ከአማቷ እንደሰማችው ከሆነ፣ ባሏ መንገድ ላይ ሞተባት። ሦስት ልጆቿንና አንዲት ፍየል ይዛ እዚህ ደረሰች።»

«ቩክስ?»

«የመጨረሻ ልጇ ነዋ! በጀርባዋ ታዝሎ ነው የመጣው።»

ሚሎዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጽሑፉ ያንን ሰው ሰይፍ አስታጥቆ ከተራራ ሲያወርደው ነው የኖረው።

«እስቲ ንገረኝ መምህር» አሉ ድራጊንያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአባትህ እናት ስሟ ማን ነበር?»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሽርጧ ታወሰው፤ ኪሱ ውስጥ የምትከትለት የደረቀ ፕለም ታወሰው። ስሟ ግን አልመጣለትም።

«አያቴ... አያቴ ነበር የምንላት።»

ድራጊንያ ደብተሩን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጡት። «ፐርሲዳ። እናትህ ካረፈች ወዲህ በናንተ ቤት ስም የሚያስጠራ ስለጠፋ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማስጠራት እኔ ነኝ።»

የሚሎዬ ዓይን እንባ አቀረረ። የራሱን ወረቀት ወደ ራሱ ስቦ «እሳቱ የጠፋ ቤት» የሚለውን ሰርዞ በምትኩ «ቬስና» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ደወለ።

«ነገ አልመጣም» አለ።

«ምን ጎድሎ ነው ደግሞ? አልቋል አላልክም እንዴ?»

«ሠላሳ አንድ ቤት አለን» አለ ሚሎዬ። «ሴቶቹን ገና አልጠየቅኋቸውም።»