ዘጠኝ ዓመት የዘገዩት ሰው

ሐረግ የነርስነት ሥራዋን ሳትለቅ ማስተርስ ትማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቷ ጥያቄ ከባድ አልነበረም። ከኢትዮጵያ የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዓይናቸው መድከም ከጀመረ በኋላ ሐኪም ዘንድ እስኪቀርቡ ምን ያህል ይዘገያሉ? ለዚህም እስራኤል አገር በአፉላ ከተማ ውስጥ ሁለት ክሊኒኮችን አነጻጸረች። ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው የኮረብታ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ይርጋለም የምትባል አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ አለችው፤ ቤት ለቤት እየዞረች ሰው ታናግራለች፣ ቶር፣ ማለትም የሐኪም ቀጠሮ፣ ታስይዛለች፣ ሐኪሙም ፊት ቆማ ታስተረጉማለች። መሀል ከተማ ያለው ክሊኒክ እንዲህ ያለ ሰው የለውም። የይርጋለም ሥራ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስነው የሐረግን ጥናት አይቶ ነበር።

በ2005 እ.ኤ.አ. የዝናቡ ወራት ቁጥሩ ተሰብስቦ ሲያልቅ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። የጊቫት ሃሞሬ ሰዎች በአማካይ ዘጠኝ ወር ተኩል ዘግይተዋል፤ የመሀል ከተማዎቹ ስድስት። ሐረግ ደግማ ደመረች፤ ያው ነው። ከዚያ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረቻቸው። ጊቫት ሃሞሬ ላይ ሰዉ የዘገየው ወር፣ ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ነው። አንድ ሰው ብቻ ዘጠኝ ዓመት። አማካዩን ጎትቶ የወሰደው እሱ ነው፤ ዘጠኝ ወር ተኩል የዘገየ ሰውማ በቡድኑ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም።

አማካሪዋ ዶክተር ኤሊሼቫ ወረቀቱን አይታ ብዙ አላሰበችም።

«ሐሪግ ነው» አለች፤ በዕብራይስጥ ከመንጋው ያፈነገጠ ቁጥር ማለቷ ነው። «ወይ ሰውየው ተሳስቷል፣ ወይ አንቺ ስትጽፊ ተሳስተሻል። ሂጂና አረጋግጪ። ካልተረጋገጠ ይውጣ።»

«ከተረጋገጠስ?»

«ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሐረግ በማግስቱ አውቶቡስ ይዛ ወደ ኮረብታው ወጣች። ሰውየው አባ አንዳርጌ ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ጎንደሬ፣ የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ። በቅርቡ የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸዋል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

«አባ አንዳርጌ፣ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ብለውኝ ነበር። እውነት ዘጠኝ ነው?»

«ኦርታል ሠራዊት የገባች ዓመት ነው የጀመረኝ። አንቺው ቁጠሪው።»

ኦርታል ልጃቸው ናት። ሐረግ አብራት ስለተማረች ዓመቱን ታውቀዋለች። ልክ ነው።

«ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ዘበኛ አያይም ከተባለ ምን ሊሠራ ነው? መጋዘኑን በእጄም በጆሮዬም አውቀዋለሁ። ሌባ ቢመጣ ነበር ጉዱ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ደግነቱ አልመጣም።»

«ጡረታ ከወጡ በኋላስ?»

«ለመድሁታ። የዕድሜ ነው ብዬ ተውሁት። ይርጋለም መጥታ ‹ይህ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል› ባትለኝ እንደተጋረደብኝ እቀበር ነበር።»

አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ሐረግ ይህን ስታሰላስል ነበር። አባ አንዳርጌ ከተቆጠሩት ጋር የተቆጠሩት ይርጋለም ፈልጋ ስላገኘቻቸው ነው። መሀል ከተማም የእሳቸውን ያህል የዘገየ ሰው ይኖራል፤ ሐኪም ዘንድ ስላልደረሰ ግን የቆጠረው የለም። አማካዩ ይርጋለምን የቀጣት ከሁሉ የከበደውን ሰው ስላመጣች ነው። ሰውየውን አውጥቶ መጣልም ያንኑ ሥራዋን መሰረዝ ይሆናል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ከትምህርቷ ታስታውሳለች። የሁለቱን ክሊኒክ ሰዎች በአንድ ሰልፍ ማቆም ነው፤ ቶሎ የሄደ ፊት፣ የዘገየ ኋላ። ከዚያ ወሩ ይረሳል፤ የሚቆጠረው የእያንዳንዱ ተራ ነው። አባ አንዳርጌ የሰልፉ ጭራ ይሆናሉ። ዘጠኝ ዓመት ቢዘገዩም አሥራ ዘጠኝ፣ ያው ጭራ ናቸው። ሰልፉን ይዘጋሉ እንጂ ሌላውን ወደ ኋላ አይጎትቱም።

«‹ማን-ዊትኒ› የሚባለው የስታቲስቲክስ ፈተና ነው» አለች ኤሊሼቫ ስትሰማ። «ደህና ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመረጥሽው የቁጥሩ ጠባይ አስገድዶሽ ነው ወይስ የመጀመሪያውን መልስ ስላልወደድሽው?»

ሐረግ ይርጋለምን ትወዳታለች፤ ይህን መካድ አልቻለችም።

«ሁለቱም ይመስለኛል» አለች። «መልሱን ባልጠላው ኖሮ ቁጥሮቹን ደርድሬ አላያቸውም ነበር። ግን የመሀል ከተማውም ጠባዩ ያው ነው፤ ብዙው ሰው ጥቂት ወራት ላይ ተከማችቶ ጥቂቱ ርቆ ይቀራል። መዘግየት እንዲህ ነው። ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ወደ ላይ ግን ወሰን የለውም። ገና ሳልሰበስብ ይህን ፈተና መምረጥ ነበረብኝ።»

«እንግዲያው እንዲሁ ጻፊው። ሁለቱንም ውጤት፣ መቼ እንደመረጥሽም ጭምር።»

እንዳለቻት ጻፈች። በሰልፉ ፈተና የጊቫት ሃሞሬ ሰዎች ባመዛኙ ፊት ፊቱን ይዘው ተገኙ፤ ልዩነቱን በአጋጣሚ የመጣ ነው ብሎ ማለፍም አስቸጋሪ ነበር። ሐረግ አንድ አንቀጽ ጨመረችበት፤ ሐኪም ዘንድ ያልደረሰ ሰው በየትኛውም ፈተና ተራ አያገኝም የሚል።

የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ «ታዲያ የቱን እንመን?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሐረግ አማካዩ ስለ አንድ ሰው፣ ሰልፉ ግን ስለ ብዙው እንደሚናገር አስረዳች። ካደመጧት ግማሾቹ የገባቸው አልመሰላትም። ቢሆንም የይርጋለም ሥራ ለአንድ ዓመት ተራዘመ፤ የሳምንቱን ግማሽ መሀል ከተማ ትሥራ ተባለ።

ይርጋለም በዚህ አልተደሰተችም። «ኮረብታውን ለማን ልተወው?» አለች። ቢሆንም ሄደች። የመጀመሪያው ቀን ሐረግም አብራት ወጣች። ከባንኮች ጀርባ ካለ ሕንጻ ላይ፣ ካሰች የሚባሉ አሮጊት በር ከፈቱላቸው።

«እናቴ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?» አለች ይርጋለም።

«ደህና ነው ልጄ፣ ምን ይሆናል» አሉ ካሰች፤ እያሉም ወንበሩን በእጃቸው ይፈልጉ ነበር።

ይርጋለም ወንበሩን አቀረበችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።