የትኛው ቁጥር ይቀድማል

«እኅቴ፣ ይኸ ታብሌት ባሕር ግባ እያለኝ ነው!» የሚል ድምፅ ከማጉያው ሲፈነዳ፣ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ በሳቅ ተናጋ።

ተናጋሪው የአምቡላንስ ነጂ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ነበር። አዲሱን ሶፍትዌር የጻፈችው ፕሮግራመር ግን አልሳቀችም፤ ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገች።

«ወንድም ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ይላል?»

«ከአራት ሺህ በላይ! ስንቅ ከቋጠራችሁልኝ እሄዳለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቦታ በሁለት ቁጥሮች ይታወቃል፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ያለውን ልክ ይናገራል። የታተመው የደረጃ ሰነድ «ሰሜኑ ይቅደም» ይላል። እርሷም ሁለት ወር ሙሉ ሰነዱን ከፊደል እስከ ነጥብ ተከትላ ጽፋለች። በሃያዎቹ አምቡላንሶች ውስጥ ያሉት ታብሌቶች ግን ምሥራቁን አስቀድመው ማንበብ ከለመዱ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ባለሙያ ሰነዱን ትቶ የሌላውን ሥራ እያየ ሲገለብጥ ልማዱ ሥር ሰደደ። አሮጌው ሶፍትዌርም በልማዱ ይሄድ ስለ ነበር፣ አንድም አምቡላንስ መንገድ አልሳተም። ዛሬ ጠዋት አሮጌው ተዘግቶ አዲሱ ለፈተና ሲከፈት፣ ሰነዱና ታብሌቱ ሆድና ጀርባ ሆነው ተገኙ።

ከኋላዋ የቆሙት የደረጃ ተቆጣጣሪ፣ ሠራተኛው በሹክሹክታ «አቶ አንቀጽ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

«አንቺ አልተሳሳትሽም፣ ልጄ። የተሳሳቱት ታብሌቶቹ ናቸው። መርከበኛ ከጥንት ጀምሮ ሰሜኑን ነው የሚያስቀድመው። ያን ገጽ የጻፍኩት እኔው ነኝ።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ የሚነዳው እኮ መርከብ አይደለም።»

ወዲያው ስልክ ጮኸ። ተረኛዋ ስልክ ተቀባይ አዳመጠችና እጇን አነሣች።

«ይኼ ሙከራ አይደለም! ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የወደቀ ሠራተኛ አለ፤ ደሙ አልቆመም። የደወለው ዘበኛ ትናንት የተቀጠረ ነው፤ ሰፈሩን አያውቀውም።»

ቦታው ከስልኩ በሁለት ቁጥሮች መጣ። በግድግዳው ካርታ ላይ ዙሪያው ሁሉ ስም ያልወጣለት አዲስ መንገድ ነበር፤ በቃል አስረድቶ ሰው መምራት የማይታሰብ ነው። በቅርብ ያለው ደግሞ የወንድሟ አምቡላንስ ነው፤ ታብሌቱም ከማዕከሉ የሚላክለትን እንጂ በእጅ የሚጻፍለትን አይቀበልም።

ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ጎነበሰች።

«ቆይ!» አሉ ተቆጣጣሪው። «በፈተና መካከል ከነካሽው ፈተናው ይፈርሳል። ሌላ ቀጠሮ የምታገኚው ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰውየው ስድስት ደቂቃም ያለው አይመስለኝም።»

ምሥራቁ እንዲቀድም የሚለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነበር። አንዴ ሳተች፤ አጠፋች፤ ደግማ ጻፈች፤ ላከች።

«ወንድም ጋሼ፣ አሁንስ?»

የማጉያውን ድምፅ ከፍ አደረገች።

«ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል! በሉ እንግዲህ ያዙኝ!»

ሳይረኑ አምባረቀ። በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የቀረ ሰው አልነበረም። በካርታው ላይ ቀዩ ነጥብ ሮጠ፣ ታጠፈ፣ ድንገት ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል እንጂ! መኪና ነው ያቆምከው ወይስ ቤት ነው የሠራኸው?» ሲል ተሰማ ወንድሟ።

ነጥቡ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ደረስን! ... ደሙን አስረነዋል። ሰውየው ይናገራል፤ እንዲያውም ‹ጫማዬን ማን ወሰደው› እያለ ይቆጣናል!»

ክፍሉ በእልልታና በጭብጨባ ተቀወጠ። ተረኛዋ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። አቶ አንቀጽም ሰነዳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ሲያጨበጭቡ ታዩ።

ሁካታው በረድ ሲል ተቆጣጣሪው የፈተናውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «የቁጥሮች ቅደም ተከተል ከሰነዱ ጋር» ከሚለው መስመር ፊት ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ «ይስማማል» እና «አይስማማም»።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዛሬውን እኔ አላየሁም፤ ዓይኔም ደክሟል። ‹ይስማማል› የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ፤ ሥራሽ ዛሬውኑ ይጸድቅልሻል። ከዚያ በኋላ በልማዱ ቢሠራ ማን ይጠይቅሻል?»

ብዕሩን ተቀበለች። የሁለት ወር ድካሟ በዐይኗ ላይ ዞረ። ይሁን እንጂ ይህን ቅጽ አምኖ ሌላ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ነገ ሰሜኑን ያስቀድማል፤ ያን ጊዜ ደሙ እየፈሰሰ አምቡላንስ የሚጠብቀው የማን ልጅ እንደሚሆን ማን ያውቃል?

«አይስማማም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ ከጎኑም «ታብሌቶቹ ሁሉ ምሥራቁን አስቀድመው ያነባሉ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ፊቷ በደስታ እንደ በራ ወደ ተረኛዋ ዞረች።

«እትዬ፣ የእኔው ከስድስት ወር በኋላ እስኪፈተን ድረስ አሮጌውን ሶፍትዌር መልሰው ይክፈቱልን።»